የዕቅድ ውይይት፦ ለዮፍታሔ ሐውልት ወይስ መድረክ?

ጸሐፊው፦

ሰላም ወገን፣ እንዴት ከረማችሁ? ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ላይ ሳንስማማ የተለያየንበትን ጉዳይ እዚሁ ጽፈን እንጨርሰው። ፕሮፖዛሉ በወሩ መጨረሻ ለወረዳው መግባት አለበት። ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ስድቡም መጀመሪያ ወደ እኔ ይምጣ።

ረቂቁ አሁን እንዲህ ይላል፦ "ማኅበሩ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ለሆነው የቴአትርና የግጥም ሰው ለቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በከተማዋ መግቢያ ሐውልት ለማቆም የወረዳውን ትብብር ይጠይቃል።" ዓረፍተ ነገሩ አንድ ነው። ጭቅጭቁ ግን ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ስብሰባው ላይ ላልነበራችሁ፣ በተለይ ለወጣቶቹ፣ ሰውየውን ባጭሩ ላስታውስ። (አንቱ ልበለው አንተ ስል ቆየሁ። እኛ አገር የጥበብ ሰው የሁሉም ነው፣ አንተ ይባላል። የኔታ ይቅር ይበሉኝ።) ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. ተወለደ። የደብረ ኤልያስ የቅኔ ልጅ ነው። ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ። አስተማሪ ሆነ፣ ቆይቶም የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር። እዚያ ነው ነገሩ የጦፈው። ተማሪዎቹን ሰብስቦ ቴአትር ያሠራ ጀመር። ድርሰቱም የራሱ፣ መዝሙሩም የራሱ። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የተዘመረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የሠራውም እሱ ነው። ጣሊያን ሲገባ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከነፃነት በኋላ ተመለሰ፣ ጻፈ፣ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ። 52 ዓመት። አስቡት፣ ከእኛ ከአብዛኞቻችን ያነሰ ዕድሜ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ቀጥሉ።

ገንዘብ ያዥ፦

እኔ ልጀምር፣ ምክንያቱም ወሬው ሁሉ የሚያልቀው እኔ ጋ ነው። ባንክ ያለን 61,400 ብር ነው። ቀራጩ ለሲሚንቶው ሥራ ብቻ የጠየቀን የዚህን ስምንት እጥፍ ነው። ነሐስ አላልኩም፣ ሲሚንቶ! መሠረቱ አልተቆጠረም። አጥሩ አልተቆጠረም። የምርቃቱ ድንኳንና ምሳ አልተቆጠረም። እኛ ደግሞ ድግስ ላይ እጃችን ሰፊ ነው፣ እንተዋወቃለን።

ሐውልት የምትሉ ሰዎች፣ ስንት እንደምታዋጡ ከስማችሁ ጎን ጻፉልኝ። ያኔ እናወራለን።

ጡረተኛው መምህር፦

እታለም፣ ገንዘቡ እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። እኔ ሐውልት ያልኩት ግን ዝም ብዬ አይደለም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንድ ቀን አሥረኛ ክፍል ውስጥ "ዮፍታሔ ንጉሤን የሚያውቅ?" አልኩ። ስልሳ ምናምን ልጅ ነው። አንዱ እጁን አወጣ። ደስ አለኝ። "ኳስ ተጫዋች ነው አይደል ቲቸር?" አለኝ። የዚሁ አገር ልጅ! እኔ ያን ቀን የተናደድኩት በልጁ አይደለም፣ በራሴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም ነበር።

ሰው አልፎ ሲሄድ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። ልጅ ቆም ብሎ "ይሄ ማነው?" ይላል። አባቱ ካላወቀም ያፍርና ጠይቆ ያውቃል። ሐውልት ቢያንስ ይህን ያደርጋል።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦

ጋሼ፣ የተማሪውን ታሪክ ስሰማ ሳቄም እንባዬም መጣ። ግን እስቲ ልጠይቅዎት፣ ያ ልጅ ሐውልቱን አይቶ ምን ያውቃል? ካባ የለበሰ ሰው መሆኑን። አለቀ። የጦር መሪ ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ ነጋዴ ይሁን በምን ይለያል?

ዮፍታሔን ከሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች የሚለየው እኮ መድረኩ ነው። ዘመኑን አስቡት። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር አሳዩ፣ እንስሳት የሚናገሩበት ኮሜዲ። ተረት መስሎ መንግሥትን ይነካ ነበርና ታገደ። ከዚያ በኋላ መድረኩ ለዓመታት ጭር አለ። ቀዝቅዞ የነበረውን ነገር እንደገና ካሞቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ዮፍታሔ ነው፣ ሌላው መልአኩ በጎሰው። ሁለቱም በተማሪዎች ነው የሠሩት። ተዋናይ የሚባል ሙያተኛ ገና አልነበረማ! ከቀለም ክፍል የወጣ ልጅ ነው ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ንጉሥም ሎሌም የሚሆነው።

ከቴአትሮቹ የአንዱ ርዕስ "ጥቅም ያለበት ጨዋታ" ነው። ልብ በሉ፣ ትምህርት አላለውም። ስብከት አላለውም። ጨዋታ! ጥቅሙ ጨዋታው ውስጥ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው ሲሚንቶ ማቆም ለእኔ አይመቸኝም። ልጆቼን ስጡኝና ሥራውን ከነዘፈኑ እናሳይ። ሐሳቤ ይሄ ነው።

ጸሐፊው፦

ረቂቄ መሞት ጀምሯል። ልቤ ትንሽ ተነካ፣ ግን ይቀጥል።

የኔታ (በደቀ መዝሙራቸው እጅ)፦

የኔታ በስልክ ስለማይጽፉ እንዳሉት እኔ እጽፋለሁ። ያልገባኝን ደግሜ ጠይቄያቸዋለሁ።

"ልጆቼ፣ ቴአትሩን ከየት አመጣው ብላችሁ አዲስ አበባ አትሂዱ። እዚሁ ነው የተማረው። አንድ የቅኔ ተማሪ እንዴት ውሎ እንደሚያድር የምታውቁ ስንት ናችሁ? ቀን ቆሎውን ለምኖ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደበሎውን ተከናንቦ ከአጥር ሥር ወይ ከዛፍ ሥር ይጋደማል። የተኛ ይመስላችኋል። አልተኛም፣ እየቆጠረ ነው። ቅኔ ቆጠራ ነው የምንለው። በራሱ ውስጥ ቃሉን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ ከሌላው ጋር ይገጥመዋል። ወረቀት የለ፣ ቀለም የለ። ሲመሽ ወደ መምህሩ ይመጣና ይነግራል። ጓደኞቹ ከበው ይሰማሉ። ካማረ 'ይበል!' ይባላል። ካላማረ መምህሩ ያፈርሰዋል። ትናንት ያማረለት ዛሬ ያንኑ ይዞ መምጣት አይችልም። የዛሬው የዛሬ ነው፣ አዲስ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ያድጋል። መወድስ ሲደርስ ስምንት ቤት ነው። ሁለት ቤት ላይ ሰሙንም ወርቁንም ያስገባ ልጅ ትልቅ ሰው ሆኖ ቴአትር ቢጽፍ ምን ይገርማል? ሰው ፊት ቆሞ፣ አዲስ ነገር ተናግሮ፣ 'ይበል' ለማስባል ከልጅነቱ ለምዶታል።

ስለ ቀኝ ጌታነቱም ልንገራችሁ፣ ማዕረጉን ዝም ብላችሁ ትጠሩታላችሁና። ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ቀኝና ግራ። አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። መቋሚያው አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። ጸናጽሉ ይከተላል። ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ኋላ ይፈጥናል። ቀኝ ጌታ የቀኙን ወገን የሚመራ ነው፣ ግራ ጌታ የግራውን። ብዙ ሰው እንዴት አብሮ እንደሚንቀሳቀስ፣ መቼ እንደሚጮህ፣ መቼ እንደሚለዝብ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን። የእኔ ልጆች ጸናጽል ይዘው መድረክ ላይ አይወጡም። ማኅሌት ቴአትር አይደለም። ይህን ከዕቅዳችሁ ካገኘሁ ከእኔ አትደርሱም።"

የመጨረሻውን ሲሉ ጣታቸውን ቀስረው ነው። እንዳላሳንሰው ብዬ ነው የጻፍኩት።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦

የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ በወረብ መክፈት ነበር። ተሰርዟል፣ በዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልናገርም።

እንዲህ ቢሆንስ? ዜማውም ንዋየ ቅድሳቱም ቤተ ክርስቲያን ይቅሩ። ከቅኔ ተማሪዎቹ ሁለት ወይ ሦስት የአማርኛ ቅኔ ይዘው ይምጡና ይናገሩ። ሰሙን ሕዝቡ ይንገረን፣ ወርቁን እነሱ ይፍቱልን። ያ ራሱ ጨዋታ ነው። ሰው ሲሳሳት ይስቃል፣ ሲያገኘው ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ቴአትሩ ሲቀጥል ተመልካቹ ጆሮው ተከፍቶ ይጠብቀናል።

የኔታ (በደቀ መዝሙራቸው እጅ)፦

"እሱ ይሁን" ብለዋል። ሌላ አልጨመሩም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነው።

ባሕር ዳር ያለው ሙዚቀኛ፦

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። መብራትም ኔትወርክም ተባብረውብኝ ነበር።

ስለ መዝሙሩ አንድ ማረሚያ አለኝ። እሑድ ዕለት አንዳንዶቻችን "ብሔራዊ መዝሙሩን ዮፍታሔ ደረሰው" ብለን አለፍን። ግጥሙ የእሱ ነው። ዜማው ግን የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ሁለቱም ስም ይግባ። ያለዚያ አንድ የሚያውቅ ሰው አንብቦት ይስቅብናል።

የኬቮርክ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ላይ በአርመኖች ገዳም ወላጆቻቸው የተገደሉባቸውን ልጆች አዩ። አርባ ነበሩ። የናስ መሣሪያ ይጫወታሉ። ወደ ኢትዮጵያ አመጧቸው፣ "አርባ ልጆች" ተባሉ። ኬቮርክ የሙዚቃ መሪያቸው ነበር። እንግዲህ ገምቱት፣ በአንድ በኩል ስደተኛ አርመን ሙዚቀኛ፣ በሌላ በኩል የደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ልጅ። አንዱ የማርሽ ምት አለው። ሌላው ቃል አለው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ሁለቱ ተገናኝተው ተሰሙ። መዝሙሩ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏል። አባቶቻችን በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሲሰቅሉ የዘመሩት እሱን ነው።

ለማርሽ ግጥም መግጠም ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ወድቄያለሁ። የአማርኛ ቃል ጠበቅና ላላ የሚል ነገር አለው። ዜማው የሚረግጥበትና ቃሉ የሚጠብቅበት ካልገጠመ ዘማሪው ይሰናከላል። ሰውም ምክንያቱን ሳያውቅ "ይሄ ነገር ደስ አይልም" ይላል። ያ መዝሙር ግን በእግር እየረገጡ ቢዘምሩት አይሰናከልም። አያቴ በዘጠና ዓመቷ አንድም ቃል ሳትስት ትዘምረው ነበር። ፊደል አልቆጠረችም።

ስለዚህ መዝሙሩ በዝግጅቱ ላይ ይዘመር ነው የምለው።

ጡረተኛው መምህር፦

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ዘምሬዋለሁ፣ ልቤ ይወደዋል። ግን ንጉሥን የሚያወድስ መዝሙር ነው። ዛሬ ሕዝብ ሰብስበን ብንዘምረው አንዱ "የዘውድ ናፋቂዎች" ይለናል፣ ሌላው ሌላ ስም ያወጣልናል። ጊዜው ደግሞ ለሁለት ሰው ሰላምታ እንኳ ትርጉም የሚፈለግበት ነው። ማኅበራችን ለእድርና ለትምህርት ቤት ወንበር የቆመ ማኅበር ነው። በማይሆን ነገር ስሙ አይነሳ።

ገንዘብ ያዥ፦

ጋሼ ልክ ናቸው። ፈቃድ የሚሰጠን ሰውዬ ዝርዝሩን ሲያነብ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። እኔ ብሆን አስቀምጥ ነበር።

ባሕር ዳር ያለው ሙዚቀኛ፦

እሺ፣ ገባኝ። ግን ሙሉ በሙሉ ከዘለልነውማ ሰውየውን ግማሹን ቆርጠን ጣልነው። ሰው የሚያውቀው በምኑ ሆነና?

እንዲህ እናድርግ። ቃሉ አይዘመር። ዜማውን ብቻ በመሰንቆና በዋሽንት ልጫወተው። ከዚያ በፊት ጋሼ ሦስት ደቂቃ ወስደው ታሪኩን ይናገሩ፦ መቼ እንደተሠራ፣ እነማን እንደሠሩት፣ ለምን እንዲህ እንዳለ። የታሪክ ትምህርት ነው። ማንም ምንም ሊል አይችልም። በመሰንቆ ሲሰማ ደግሞ ማርሽነቱ ይለዝባል። ትናንት ማታ ሞከርኩት። እውነቴን ነው፣ የጎጃም ለቅሶ ነው የሚመስለው።

ጡረተኛው መምህር፦

ሦስት ደቂቃ ለአስተማሪ ስድብ ነው። አምስት አድርጉት።

የሕግ ባለሙያዋ (ከአዲስ አበባ)፦

ማንም ሳይጠይቀኝ ስለ መብቱ ልናገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው። በመርሁ የአንድ ደራሲ ሥራ ጥበቃ ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ዮፍታሔ ያረፈው በ1939 ዓ.ም. ስለሆነ ያ ጊዜ አልፏል። ከሞት በኋላ ለታተመ ሥራ ግን ስሌቱ ይለያል፣ ከኅትመቱ ቀን ነው የሚነሳው። ስለዚህ የምትሠሩበትን ቅጂ መጀመሪያ ለእኔ አሳዩኝ። ስለ ሕይወቱ በኋላ ሰዎች የጻፉትን ጥናትም ገጽ ገጹን ወስዳችሁ መድረክ ላይ እንዳታነቡ። ያ የአጥኚው ነው።

ሕጉ ቢፈቅድም ባይፈቅድም ቤተሰቡ ይጠየቅ። በደብዳቤ ሳይሆን ሰው ሄዶ። ይህ ሕግ አይደለም፣ ወግ ነው።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦

እናመሰግናለን እህቴ። የትኛውን እንሥራ ለሚለው የእኔ ምርጫ "አፋጀሺኝ" ነው። ከጣሊያን ወረራ ጋር የተያያዘ ሥራው ነው፣ ስደትን ያየ ሰው የጻፈው። ሙሉውን ልጆቹ አይችሉትም፣ የዘመኑ አማርኛና ግጥሙ ከባድ ነው። የሃያ ደቂቃ ክፍል ብንመርጥ በሁለት ወር ልምምድ እንደርሳለን።

ግን የምለው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ሴት መድረክ አትወጣም ነበር። የሴቷን ቦታ ወንድ ልጅ ነጠላ ተከናንቦ ይጫወተዋል። ዮፍታሔም የሚያሠራው ወንዶቹን ነው። እንግዲህ ርዕሱን ተመልከቱት፣ "አፋጀሺኝ"። የሴት አንቀጽ ነው! ሴትን የሚያናግር ቃል ርዕስ ሆኖ መድረኩ ላይ አንዲት ሴት የለችም። ክበቤ ውስጥ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለችኝ። ከገጠር በየቀኑ በእግሯ ነው የምትመጣው። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ባለፈው ልምምድ ላይ እናቷ እህል ሲወሰድባት የተናገረችውን አስመስላ ስትጫወት ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ተረብ ሊያወራ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዋናው ቦታ የእሷ ነው። ይህን ከፕሮፖዛሉ ማንም እንዳያወጣብኝ።

ጸሐፊው፦

አይወጣም። ጽፌዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦

ጥሩ፣ አሁን ወደ ምድር እንውረድ። ያለፈውን ዓመት ዝግጅት ታስታውሳላችሁ? ሞንታርቦ ያከራየን ሰውዬ በሰዓቱ መጣ፣ ገመዱን ዘረጋ፣ "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" አለ፣ እሰዬው አልን። እንግዳው ንግግር ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለ ተብለን ነበር፣ ነዳጅ ግን የለውም። እንግዳው ጮሆ ተናገረ። የኋለኛው ሰው ምሳ የደረሰ መስሎት ተነሳ። እኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ድምፅ ማጉያ ከነጄኔሬተሩና ከነነዳጁ 14,000 ብር፣ ክፍያው ግማሹ ከሥራው በኋላ። ልብስና መድረክ 11,000። የልጆቹ ትራንስፖርትና የልምምድ ቀን ዳቦ 12,500። የኅትመት ወጪ 6,000። ለመጠባበቂያ 5,000። ድምሩ 48,500 ነው። እና 12,900 ብር ይተርፈናል። ድንኳን ማኅበረሰቡ ያበድረን፣ እድሩ ሦስት አለው።

ባነሩን በተመለከተ፣ ባለፈው "ዮፍታሔ" የሚለውን በ"ሄ" ጽፈው ነበር። ጋሼ ሳይታዘዙ በእስክሪብቶ ሲያርሙት ያየሁ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ከመታተሙ በፊት እሳቸው ይዩት።

ጡረተኛው መምህር፦

በማርከር ነው ያረምኩት፣ በእስክሪብቶ አይደለም። የቀረው ይሁን። ሐውልቱንም ትቼዋለሁ፣ ግን በአንድ ነገር ለውጡኝ። ከተረፈው 12,900 ብር ላይ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንዲት ድንጋይ ትቁም። ጉልበት የምታክል። ስሙ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ደራሲ መሆኑ ይጻፍባት። ኳስ ተጫዋች አለመሆኑ እንዲታወቅ።

ገንዘብ ያዥ፦

ድንጋይ ከ8,000 ብር ካልበለጠ እስማማለሁ።

ባሕር ዳር ያለው ሙዚቀኛ፦

ቀኑስ? እኔ ጥቅምት 23 ብያለሁ፣ መዝሙሩ የተዘመረበት ቀን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

በጥቅምት ጤፉ ማሳ ላይ ነው፣ ማን ይመጣል? ልጆቹም ትምህርት ገና ጀምረዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ የገና ጾምም አለ። ጥር ነው የሚያዋጣው። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሆነ ግማሹ ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ፣ ከ23 በፊት ያለ ቅዳሜ።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦

ጥር ይመቸኛል። ሠርግ የሚበዛበት ወር ነው ብላችሁ ግን ተዋናዮቼን ለሚዜነት እንዳትወስዱብኝ።

ጸሐፊው፦

እሺ፣ ረቂቁን ቀድጄ እንደገና ጽፌዋለሁ። አንብቡና ያልተስማማችሁበትን ቃል ብቻ ንገሩኝ። አዲስ ሐሳብ በቃ፣ ተዘግቷል።

"ማኅበሩ ለቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ (1887–1939 ዓ.ም.) መታሰቢያ በደብረ ኤልያስ የአንድ ቀን የቅኔ፣ የሙዚቃና የቴአትር ዝግጅት ለማድረግ የወረዳውን ፈቃድና ትብብር ይጠይቃል። ዝግጅቱ በጥር ወር ከጥምቀት በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሆናል። በቅኔ ተማሪዎች የአማርኛ ቅኔ ይጀመራል፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማና ንዋየ ቅድሳት በመድረኩ ላይ አይቀርቡም። ቀጥሎ ግጥሙ የዮፍታሔ፣ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ስለሆነው የ1923ቱ ብሔራዊ መዝሙር አጭር የታሪክ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ዜማው ያለ ቃል በባህል መሣሪያ ይሰማል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ድራማ ክበብ ከደራሲው ሥራዎች የተመረጠ ክፍል ያቀርባል፤ የሴት ገጸ ባሕርያትን ሴት ተማሪዎች ይጫወታሉ። ለዝግጅቱ የሚያስፈልገውን 48,500 ብር ማኅበሩ ከራሱ ይሸፍናል። በትምህርት ቤቱ ግቢ አነስተኛ የድንጋይ መታሰቢያ ይቆማል።"

የዝግጅቱን ስም ባዶ ትቼዋለሁ። እኔ "ጥቅም ያለበት ጨዋታ" ልለው አስቤ ነበር፣ የራሱን ርዕስ መዋስ። የሕግ ባለሙያችን ምን ትላለች?

የሕግ ባለሙያዋ፦

ርዕሱ የማን እንደሆነ ከሥሩ ከጻፋችሁ እኔ አልቃወምም። ቤተሰቡ ጋ የሚሄደው ሰው ይህንንም አብሮ ያንሳ።

ገንዘብ ያዥ፦

ማን ነው የሚሄደው? ትራንስፖርት በጀት ውስጥ አላስገባሁም።

ጡረተኛው መምህር፦

እኔ እሄዳለሁ። በራሴ ኪስ። ሽማግሌ ሲሄድ ነው የሚያምረው።

የኔታ (በደቀ መዝሙራቸው እጅ)፦

የኔታ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። "ንዋየ ቅድሳት በመድረኩ ላይ አይቀርቡም" የሚለው ጋ ስደርስ "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ስለ ተማሪዋ ጠየቁኝ። ከየት ቀበሌ ነው የምትመጣው፣ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል አሉ። በልምምድ ቀን ከመሸባት እኛ ሰፈር ካሉት እማሆይ ዘንድ ማደር ትችላለች ብለዋል። ነገ ራሳቸው ሄደው ያነጋግሯቸዋል።

የድራማ ክበብ ኃላፊዋ፦

ለእናቷ ዛሬውኑ እነግራለሁ። ልምምድ ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ። መሰንቆው የሚመጣው መቼ ነው?

ባሕር ዳር ያለው ሙዚቀኛ፦

መንገዱ ከተከፈተ ሐሙስ።